ከጓሮ የጎደለ ባሕር ዛፍ

እህቴ ፎቶ የምታነሳው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፤ መካነ ሰላም ካለው ቤታችን ደጃፍ። ደረጃው ላይ ትቆማለች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ታነሳለች፣ ትልክልኛለች። አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር "እስቲ ሰፈሩን አሳዪኝ" ብያት ነበር፤ ያኔ የጀመረችውን እስካሁን አልተወችም። ጥበብ ምናምን ብላ አይደለም። በክረምት ጭቃውን፣ በጥምቀት ሰዉን፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም የለም፤ ባዶ መንገድና አንድ አህያ። የፎቶው አቀማመጥ ግን ያው ነው። በግራ የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር፣ መሀል ላይ መንገዱ፣ በቀኝ የመብራት እንጨት፣ ከኋላ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ከዚያ ሰማይ። ቆጠርኳቸው፤ 47 ናቸው።

እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው። የአንድ መተግበሪያ ገጽ ትናንትና ዛሬ አንድ ዓይነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ፈተና እንጽፋለን። ማሽኑ የትናንቱንና የዛሬውን ስክሪንሾት ፒክስል በፒክስል ያነጻጽርና የተለየውን ቦታ በቀይ ይቀባል። አንድ ማታ ሥራ ሰልችቶኝ ለዚሁ ማሽን ሁለት የእህቴን ፎቶዎች ሰጠሁት። ሁሉንም ቀይ አደረገው። ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ ጥላው ዞሯል፣ ደመናው ሌላ ነው፣ እህቴም አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቆማለች። ለማሽን ልዩነት ሁሉ እኩል ነው። ለዚህ ነው ገደብ የምንሰጠው፤ "ከዚህ ቁጥር በታች የሆነውን ልዩነት እንዳላየህ እለፈው" እንለዋለን። ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉት ትንንሹ ነገር ሁሉ ይጠፋል፣ ዝቅ ስታደርጉት ዓለም በሙሉ ቀይ ይሆናል። ደመወዝ የሚከፈለኝ በአብዛኛው ይህችን ቁጥር በመነካካት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ሁለቱን ፎቶዎች የመረጥኳቸው በዘፈቀደ አልነበረም። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የእህቴ ፎቶዎችም ቆሙ። መስመር በተገኘ ቀን ድምጿን እሰማለሁ፤ ሰፈሩን ግን ለወራት አላየሁም። ለማሽኑ የሰጠሁት ከመቋረጡ በፊት የመጣውን የመጨረሻ ፎቶና ከተመለሰ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያውን ነው። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ነገር ነበር የምፈልገው፤ የፈረሰ፣ የተቃጠለ፣ በጥይት የተበሳ። እሷ በስልክ "ደህና ነን" እያለች የደበቀችኝ ነገር ካለ ፎቶው ይነግረኛል ብዬ ነው። ፎቶዎቹን በመብራቱ እንጨትና በአጥሩ ጠርዝ አገጣጥሜ፣ ገደቡንም ከፍ አድርጌ እንደገና ሳስኬደው አንድ ቀይ ቦታ ብቻ ቀረ። ከጎረቤት ቤት ኋላ፣ በመጀመሪያው ፎቶ ዛፍ በነበረበት፣ በሁለተኛው ሰማይ ነበር።

መጀመሪያ ተነፈስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። "ይኸው፣ ደኑን ጨረሱት!" አልኩ ለራሴ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ "ድሮና ዘንድሮ" የሚል ጽሑፍ ሁሉ አዘጋጅቼላቸው ነበር። ከመለጠፌ በፊት እህቴን ደወልኩላት።

"የምን ደን?" አለችኝ። "የጎረቤቶቻችን ጓሮ እኮ ነው። ሸጡት። ልጅቷ ጂዳ ሄደች አይደል እንዴ! አልነገርኩህም?"

አልነገረችኝም። ምናልባትም ነግራኝ መስመሩ ተቆራርጦ አልሰማኋት ይሆናል። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ የእህቴ እኩያ ነች፣ አብረው ነው ያደጉት። እኛ አገር ባሕር ዛፍ ደን አይደለም፤ ቁጠባ ነው። አባት ልጁ ሲወለድ ይተክላል፤ ሰርግ ሲመጣ፣ ሕመም ሲመጣ፣ ዓረብ አገር የሚሄድ ሲኖር ነጋዴ ተጠርቶ ቆሞ ሳለ ይዋዋሉበታል። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደግሞ ለማገር ይደርሳል። ይህን ሁሉ እኔም አውቀው ነበር እኮ! መካነ ሰላም ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስክሪን ላይ ቀይ ሆኖ ሲመጣ ግን የማውቀውን ረስቼ የተማርኩትን አየሁ።

የተማርኩት ምን ነበር? በእኔ ዕድሜ ያለ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 ከመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ አሁን 3 ከመቶ ቀረ። ለፈተና ጽፈነዋል፣ በክርክር ክበብ ጮኸንበታል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አስተማሪም ተማሪም አላስታውስም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጠይቆ ነበር፤ ተከታትሎ ቢሄድ ከሥሩ የረባ መረጃ አጣ። ከዚህ የበለጠ የሚገርመው ግን ያን ተረክ ክፉኛ የነቀነቁት ፎቶዎች መሆናቸው ነው። የፎቶዎቹም መንገድ የሚያበቃው የወረዳና የዩኒቨርሲቲ ስም የሆነው ተራራችን ላይ ነው፤ በሽሎን ቁልቁል የሚያየው መቅደላ።

በ1860 ዓ.ም፣ በፈረንጅ በ1868፣ ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ ጠረፍ ሲነሳ፣ ከሕንድ ከመጡት 44 ዝሆኖች ሌላ የፎቶ ቡድንም ይዞ ነበር። የመሐንዲሶች ጦር አባላት ናቸው፤ አለቃቸው ሳጅን ጆን ሃሮልድ ይባላል። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ነበር። በመንገዳቸው ግን ተራራውን፣ ሸለቆውን፣ የጦር ሰፈሩን፣ መኮንኖቹን፣ መጨረሻ ላይም የተፈቱትን እስረኞችና አምባውን አነሱ። ከሰሜን ኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ፎቶዎች የቀደሙት እነዚህ ናቸው።

እነዚህን ፎቶዎች እንደ ፎቶ እንመልከታቸው ካልን፣ ሳልዋሽ፣ ብዙዎቹ ደረቅ ናቸው። የዘመኑ የለንደን ጋዜጦች ሥዕሎች ላይ ጭስና ግርግር አለ፤ የሃሮልድ ቡድን ፎቶዎች ላይ ግን ዝምታ ብቻ። ለዚህ ምክንያት አለው። ያኔ ፎቶ የሚነሳው መድኃኒት በተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ሳይደርቅ መነሳት፣ ሳይደርቅም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ አለበት፤ በዚያ ፀሐይ የነበራቸው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ብርሃኑን ለመቀበል ደግሞ ሰከንዶች ይፈጅበታል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ አይታይም። ገደሉ ይቀራል፣ በቅሎዋ ትጠፋለች። እንጨት ተሸክማ ያለፈች ሴት ካለች እሷም የለችም። የቆመ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እንዲቆም ትእዛዝ የሚቀበለው ደግሞ ወታደሩና የተፈታው እስረኛ ነው።

ሌላም አለ። ያ መድኃኒት ሰማያዊን ከልክ በላይ ያያል፣ ለቀይና ለአረንጓዴ ግን ዓይነ ስውር ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ ሰማዩ ደመና ቢኖረውም ባይኖረውም ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል፤ ቀዩ አፈርና ቅጠሉ ይጠቁራሉ። በዚያ ፎቶ ላይ "ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ነገር" ስታዩ ጫካ ነው ብላችሁ ለመማል አትቸኩሉ። የመቅደላ ሰማይ ነጭ የሆነው በሚያዝያ ዝናብ ጠፍቶ አይደለም። ካሜራውም እንደ እኔ ማሽን ገደብ ነበረው፤ አንዳንዱን ልዩነት አጋኖ ሌላውን እንዳላየ የሚያልፍ።

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሠዉ፤ እንግሊዞች ከቀናት በኋላ አምባውን አቃጥለው ተመለሱ። የመስታወት ሰሌዳዎቹም በሣጥን ሆነው አብረው ወረዱ፤ ከዘውዱ፣ ከብራናው፣ ከሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ጋር። በዚያው ዓመት ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እንግሊዝ አገር ዓለማየሁን ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ፎቶ ጎን ከዓመታት በኋላ በኮት የተነሳውን አድርጎ "ልዩነቱን ፈልጉ" ማለት ጭካኔ ይሆንብኛል፤ ትልቁ ልዩነት በየትኛውም ፎቶ ላይ አይገኝምና። እሱን ለሌላ ቀን።

ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ የቤልጂጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰን፣ ምትኩ ኃይሌ፣ ሪቻርድ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው ከእነዚያ የዘመቻ ፎቶዎች 13ቱን ይዘው ፎቶ አንሺዎቹ የቆሙበትን ቦታ ፍለጋ ወጡ። ይህን ሥራ ያልሞከረው ሰው ቀላል ይመስለዋል። ተራራውን ማወቅ አይበቃም፤ ትክክለኛዋን እግር መቆሚያ ማግኘት አለባችሁ። የቅርቡ ድንጋይ ከሩቁ ሸንተረር ጋር በፎቶው ላይ እንደሚታየው እስኪገጥም ድረስ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ትላላችሁ። ወሩም መመሳሰል አለበት፤ የበጋን ፎቶ ከመስከረም ጋር ብታነጻጽሩ አገሩ በአንድ ክረምት ገነት ሆነ ትላላችሁ። እነሱም በበጋ ነው የሄዱት። እህቴ ደረጃው ላይ በመቆሟ ብቻ ያገኘችውን ነገር እነዚህ ሰዎች ተራራ ለተራራ ዞረው ነው ያገኙት።

በ2009 ያሳተሙት ውጤት ለእኛ ለ"40 ከመቶ" ትውልድ ዱብ ዕዳ ነበር። ሕዝቡ በአሥር እጥፍ ጨምሮ ሳለ ዛፉና ቁጥቋጦው በአጠቃላይ በ1868 ከነበረው ይሻላል። የባሕር ዛፍ ጫካ በቅሏል፤ በ1868 አንዲትም አልነበረችም፣ እንጨቱ ራሱ ገና አገር ውስጥ አልገባም። የአገር በቀሉም ዛፍ በየቦታው ራሱን ተክቷል፣ እርከን ተሠርቷል። ሁሉም አማረ አላሉም፤ የወንዝ ዳር ዛፎች ተጠራርገው ወንዙ የሰፋበት ፎቶም አለ። አጠቃላይ አቅጣጫው ግን ሁላችንም ከምንዘምረው ተቃራኒ ነው።

ከእነሱ በፊት ደግሞ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ይህንኑ በወሎ ሞክሮት ነበር። ጣልያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ በ1997 ወደየቦታው ተመለሰ። እሱም ያገኘው ብዙ ዛፍ ነው፤ አብዛኛው ባሕር ዛፍ። በ1998 ያወጣው ጽሑፍ ርዕስ በግርድፉ "የደን መመናመን በወሎ፦ ሂደት ወይስ የዓይን ማታለል?" የሚል ነው። በጥያቄ መጨረሱን እወድለታለሁ።

እንግዲህ እነዚህን ሥራዎች ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ የድል ስሜት ነበር። "ያው፣ ገበሬውን ሲወቅሱት ኖሩ" አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን የጎረቤቶቻችን ጓሮ ትዝ አለኝ። በኒሰን ዓይን ብናየው ከጓሮው ዛፍ ተቀንሷል፤ በክራሚ ዓይንም ያው ነው። ሁለቱም አይሳሳቱም። ልጅቷ ግን በየትኛውም የለችም። "ደን አለቀ" እና "ዛፍ በዛ" የሚሉት ሁለት ተረኮች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ዓይነት ገደብ ነው የሚጠቀሙት፤ ሁለቱም የሚያዩት አረንጓዴውን ነው።

ፕሮግራመር የሆናችሁ ይገባችኋል። ጊት ላይ ዲፍ አለ፣ ሎግ አለ። ዲፍ በሁለት ኮሚቶች መሀል ምን እንደተለየ ይነግራችኋል። ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ ለወጠው የሚለውን ከፈለጋችሁ ሎግ ማንበብ አለባችሁ። በ1868 እና በ2008 መሀል ያለው ዲፍ 140 ዓመት የሚዘል ነው። ክፉ ቀን የሚባለው የከብት እልቂትና ረሃብ በመሀሉ አለፈ፣ የ1966ቱ አለፈ፣ የ1977ቱ አለፈ፣ የመሬት አዋጁ፣ ሰፈራው፣ እርከኑ፣ በእህል ክፍያ የተቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ። ሁለት ፎቶ ጫፍና ጫፉን ይዞ መሀሉን ባዶ ይተወዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው የዝናብ መዝገብና የጽሑፍ ምንጭ የጨመሩበት፤ ያ ሊመሰገን ይገባዋል። እኛ በየገጻችን "ድሮና ዘንድሮ" እያልን የምንለጥፈው ግን ዲፍ ብቻ ነው፤ ሎጉን በየአስተያየቱ ሥር እንደፈለግን እንፈጥረዋለን።

ባለፈው ዓመት እናቴ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ሰነበተች። አንድ ማታ ቡና ላይ ከመቅደላ ፎቶዎች አንዱን በላፕቶፕ ከፈትኩላት፤ አምባው ከሩቅ የሚታይበትን። ንጉሡን፣ ጦርነቱን፣ ሴባስቶፖል መድፍ አሁንም እዚያው መሆኑን ልነግራት ስጀምር በእጇ ዝም በል አለችኝ። ፎቶውን ቀስ ብላ አየችው።

"ወሩ ምንድን ነው?"

"ሚያዝያ።"

"በልጉ ጥሎ ነበር?"

አላውቅም። እንግዲህ አስቡት፤ በጉጉፍቱና በለጋምቦ ደጋ በልግ ከጣለ በሚያዝያ ገብሱ መሬቱን ሸፍኖ ይገኛል፤ ካልጣለ ያው መሬት አመድ ነው። ያ ጥያቄ ካልተመለሰ ፎቶው ላይ ያለው ጥቁረት ሰብል ይሁን ሣር ይሁን ቁጥቋጦ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። እኔ ምህንድስና ተምሬ፣ ስለ ፎቶው ሦስት ጥናት አንብቤ አልጠየቅኩትም። ቀጠለችና ተዳፋቱ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አሳየችኝ። "ይሄ የሰው መንገድ ነው። የከብት ቢሆን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ብዙ ሆኖ ይጠማዘዛል። ውሃው ታች ነው ማለት ነው።" ስክሪኑን አጎላሁት። መንገድ ሊሆን ይችላል። የመስታወቱ ጭረትም ሊሆን ይችላል። እስካሁን አላወቅኩም፣ ግን በዚያ ፎቶ ላይ የሚኖር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየኝ ያኔ ነው።

ፈረንሳዊው ሮላን ባርት ስለ ፎቶ በጻፈው "ካሜራ ሉሲዳ" በተሰኘው መጽሐፉ ከፎቶ ውስጥ ተወርውራ ተመልካቹን የምትወጋ ትንሽ ነገር አለች ይላል። ለአንዱ ጫማ ነው፣ ለሌላው የአንገት ሐብል፤ የግል ነው። ባርትን እወደዋለሁ። እናቴ መንገዷን ስታሳየኝ ግን ምንም አልወጋትም። ሥራ ነው የሠራችው። ዕድሜ ልኳን ውሃ ቀድታ፣ ከብት ነድታ ያጠራቀመችውን ዕውቀት ስክሪኑ ላይ አሳለፈችው። ትንሹን ልዩነት ማየት ስሜታም መሆን አይመስለኝም፤ ቦታውን ማወቅ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያብከነክነኛል? ወሎ በዓለም ፎቶ ውስጥ ያለው ቦታ ምን እንደሆነ አስቡ። አንድ፣ መቅደላ የወደቀ ቀን። ከዚያ ረሃብ። በ1966 የጆናታን ዲምብልቢ "ያልታወቀው ረሃብ" የተሰኘ ፊልም፤ በ1977 ከኮረም በመሐመድ አሚን ካሜራና በቢቢሲ የወጣው። ደርግ የዲምብልቢን ፊልም ወስዶ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ ቆራርጦ በመስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በአገራችን ታሪክ የዚያን ያህል ሥራ የሠራ የጎን ለጎን ንጽጽር የለም። ንጽጽሩ ውሸት አልነበረም፤ ድግሱም ረሃቡም እውነት ነው። ነገር ግን የወሎ ሰው እዚያ ውስጥ የገባው የአንድ ልዩነት ግማሽ ሆኖ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ ምን እየሠራ ነበር? ባናው ስንት ጊዜ ተጥፏል? ጎተራው የት ጋ ነበር የቆመው? በትልቅ ቀን ብቻ ፎቶ የተነሳ አገር ተራ ቀን የሌለው ይመስላል።

የእኛ ዘመን ፎቶ አንሺዎች ወደ ተራው ቀን መመለሳቸው ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ። ግርማ በርታ በስልኩ የአዲስ አበባን የመንገድ ሰዎች ያነሳበት "ሙቪንግ ሻዶውስ" የተሰኘው ተከታታይ ሥራ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አግኝቷል። ሻጩን፣ ተሸካሚውን፣ መንገደኛውን ከግርግሩ ቆርጦ ያወጣና ደማቅ ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ ያቆመዋል፤ ጥላው ብቻ ነው አብሮት የሚመጣው። መጀመሪያ ሳየው ዝም ብዬ ቀረሁ። በየቀኑ ሳላይ የማልፈውን ሰው እንደ ንጉሥ አቁሞ አሳየኝ። የሃሮልድ ካሜራ ያጠፋውን ተንቀሳቃሽ ሰው ግርማ ብቻውን አስቀረው፤ ገደሉን ሁሉ ጥሎ።

ቅሬታዬም እዚያው ላይ ነው። መደቡ ሲወጣ ቦታውም ዘመኑም አብሮ ይወጣል። ያ ሰው ከ50 ዓመት በኋላ ሲታይ ከኋላው የነበረው ሱቅ ምን ይሸጥ እንደነበር፣ መንገዱ አስፋልት ይሁን ኮብልስቶን፣ አጥሩ ቆርቆሮ ይሁን ብሎኬት አይታወቅም። ለግርማ ይህ አውቆ የመረጠው ጥበብ ስለሆነ መብቱ ነው፤ ውጤቱም ያምራል። የሚያሳስበኝ ይኼው ምርጫ ሳንጠየቅ በሁላችንም ስልክ ውስጥ መገጠሙ ነው። ፖርትሬት ሞድ ከኋላችን ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል። አዳዲሶቹ ደግሞ የመብራት ሽቦውንና በድንገት የገባውን መንገደኛ ጭራሽ ይሰርዙታል፤ "ቆሻሻ" ስለሆነ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሠሩ ሰዎች የሙያ ጓደኞቼ ናቸው፤ እኔም ቢሰጠኝ እሠራው ነበር።

አዲስ ነገር ነው ማለቴም አይደለም። የእናቴ የመጀመሪያ ፎቶ መካነ ሰላም አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የተነሳ ነው። ከኋላዋ ሐይቅ፣ ድልድይና ቀይ ጣሪያ ያለው የፈረንጅ ቤት የተሳለበት ጨርቅ ተወጥሯል። ከተማው የለም። ደግነቱ ጨርቁ አጭር ነው፤ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ሳይሸፍን ቀርቷል። እዚያች ስንዝር ላይ የአፈር ወለል ይታያል፣ ትንሽ ገለባ፣ የእናቴ የላስቲክ ጫማ። ጫማው አዲስ ነው። "የማን ነበር?" አልኳት። "የአክስትህ። ለፎቶ ተውሼ ነው፤ ጠቦኝ ነበር።" ለዚህ ነው ፈገግ ያላለችው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የዚያን ዘመን ሰው ቆፍጣናነት ነው እያልኩ ስተነትነው ነበር።

"ቪንቴጅ አዲስ አበባ" የተሰኘው ሥራ ከየቤተሰቡ አልበም እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ሰብስቦ መጽሐፍ አድርጓቸዋል፤ ያላያችሁት እዩት። ስሙ እንደሚለው የአዲስ አበባ ነው። የመካነ ሰላም፣ የአቀስታ፣ የአጅባር አልበም ገና በየሣጥኑ ነው፤ አይጥ ካልቀደመን።

ጉዳዩን ለመጨረስ እህቴን አንድ ነገር ለመንኳት። የተቆረጠውን ቦታ ከቅርብ አንሺልኝ፣ ጉቶው አቆጥቁጦ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ አልኳት። ለዚህ ጽሑፍ እንደሆነም ነገርኳት።

"ሰው ጓሮ ገብቼ ጉቶ ላንሳ?" አለችኝ። "እናትየዋ እኮ በየቀኑ እዚያ ቁጭ ብላ ነው ስልክ የምትጠብቀው። ምን ልበላት?"

የምላት አጣሁ። በማግስቱ ግን የተለመደውን ላከችልኝ፤ ከደረጃው ላይ። አጥሩ፣ መንገዱ፣ የመብራቱ እንጨት፣ ዛፉ የጎደለበት ሰማይ። ማሽኑ ላይ አላስኬድኩትም። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ "ዛሬ ብርድ ነው። በቀኝ በኩል ያለችውን አዲስ ሱቅ አየሃት? ትናንት ነው የከፈተችው።"

አላየኋትም ነበር።